ሙት ኮድ ጠበቃ አያጣም

ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ላይ ኮድ መጨመር ቀላል ነው። አምስት መቶ መስመር ይዘህ ብትመጣ አንዱ ገረፍ ገረፍ አድርጎ ያየውና «ጥሩ ይመስላል» ብሎ ያስገባልሃል። እስቲ ደግሞ ከ«ሪተርን» በታች የተጋደሙ ሦስት መስመሮችን ላጥፋ ብለህ ና! ፋንክሽኑ፣ ማለትም መስመሮቹ ያሉበት የፕሮግራሙ ክፍል፣ «ሪተርን» ላይ ሲደርስ መልሱን ሰጥቶ ይወጣል፤ ከዚያ በታች ያለውን ኮምፒውተሩ ረግጦት አያውቅም፣ ሊረግጠውም አይችልም። ሙት ኮድ ማለት ይህ ነው፤ ጠበቃ ግን ሞልቶታል።

መጀመሪያ የሚነሣው አቶ ምናልባት ነው። «ምናልባት የሚጠቀምበት ሰው ቢኖርስ?» ይላል፤ ማንም የማይደርስበትን! ቀጥሎ ታሪክ አዋቂው «የጻፈው ሰው እኮ ዝም ብሎ አይጽፍም» ይልሃል። ጸሐፊው ፕሮጀክቱን ጥሎ ከሄደ ቆይቷል። ሦስተኛው አስታራቂ ነው፦ «አናጥፋው፣ ኮመንት እናድርገው፤ ኮምፒውተሩ እየዘለለው እዚያው ይቀመጥ።» ሬሳ ገንዞ ሳሎን ማስቀመጥ ይሉሃል ይሄ ነው። የኮድ ለውጥ መዝጋቢው ጊት የተሰረዘውን ሁሉ መዝግቦ ይዞ የለም እንዴ?

ኮዱን ለኮምፒውተሩ የሚተረጉሙት ኮምፓይለሮችም ጠባያቸው ለየቅል ነው። የጃቫ ቋንቋው ኮምፓይለር ከ«ሪተርን» በታች መስመር ካየ ስሕተት ነው ብሎ ይመልስሃል። የሲ ቋንቋው ጂሲሲ ግን የማይደረስበትን ኮድ የሚጠቁም ማስጠንቀቂያ ነበረው፤ ውጤቱ አላስተማመነም ተብሎ ሥራው ተነቀለ። ስሙን መንቀል ግን ማን ደፍሮ! ዛሬም ብትጠራው አቤት ብሎ ይቀበልህና ምንም አይሠራም። የሙት ኮድ ጠቋሚው ራሱ ሙት።

እውነቱን ለመናገር፣ ሳይጠይቁ መሰረዝም ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአፕል ኮድ ውስጥ «ጎቱ ፌይል» (ወደ ስሕተት መውጫው ዝለል) የምትል መስመር ሁለት ጊዜ ተደግማ ተገኘች። ሁለተኛዋ ምንም ቅድመ ሁኔታ ስላልነበራት ሁልጊዜ ትዘላለች፤ ከእርሷ በታች የነበረው፣ የድረ ገጽን ማንነት የሚያጣራው የዲጂታል ፊርማ ማረጋገጫ የማይደረስበት ሆኖ ቀረ። እዚያ መጥፋት የነበረባት ከላይ ያለችው መስመር እንጂ የታችኛው ምስኪን አልነበረም። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ለምን አይደረስበትም?» ነው። ከጠበቆቹ መካከል ግን ይህን የሚጠይቅ አልገጠመኝም።

በዚያው ዓመት ሃርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ሲታወቅ፣ ኦፕንቢኤስዲ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሠሩት ሰዎች ቀዳዳው የተገኘበትን የኢንተርኔት መመስጠሪያ፣ የኦፕንኤስኤስኤልን ኮድ ቀድተው በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ90,000 በላይ መስመር ጠረጉለት። ሌላ ቦታ ቢሆን ለዚህ ስንት ዘመን ስብሰባ እንደሚፈጅ ገምቱ።

ከሁሉም የሚያስቀኝ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ነው። ክርክሩን ሁሉ አንብቦ፣ ረጋ ብሎ፣ «በመሰረዙ እስማማለሁ» ይላል፤ «ግን አስቀድሞ ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚያሳይ ቴስት ይጻፍለት።»