የመዝገብ ቁጥር መጥቀስ ሕግ መተርጎም አይደለም

የሥር ፍርድ ቤት «ውሉ ፈራሽ ነው» ብሎ ይወስናል። ይግባኝ ሰሚው አንድ የሰበር (መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት) መዝገብ ቁጥር ጠቅሶ «የሚነቀፍበት ምክንያት አልተገኘም» ይልና በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 337 መሠረት መልስ ሰጪውን ሳይጠራ መዝገቡን ይዘጋል። ሥነ ሥርዓቱ ይህን ይፈቅዳል፤ ሕጉ እንዴት እንደተተረጎመ ግን ከትእዛዙ ላይ አይገኝም።

የቤት ሽያጭን እንይ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ስለ ሽያጭ የተጻፈው 2877 የሚጠይቀው ጽሑፍን ብቻ ነው፤ 2878 ደግሞ ሽያጩ ሦስተኛ ወገንን እንዲያስገድድ መመዝገብ አለበት ይላል። ልዩ ሕግ ከጠቅላላው ይቀድማልና 1723 ለቤት ሽያጭ አያገለግልም የሚል ክርክር ነበር። ሰበር በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አልተቀበለም፤ በአዋዋይ ፊት ያልተደረገ ውል ፈራሽ ነው አለ። በ36887 ግን ሻጩ መዋዋሉን ካልካደ የፎርሙ ጉድለት ብቻውን ውሉን አያፈርስም ብሏል። (ሁለተኛውን ከ1723 ቃል ጋር ማስታረቅ ይከብዳል።)

አዋጅ ቁጥር 454/1997 ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበትን የሰበር ትርጉም በየደረጃው ባሉ ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ አድርጎታል፤ አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም አጽንቶታል። አስገዳጅ የሆነው ግን ለተያዘው ጭብጥ የተሰጠው ትርጉም እንጂ የሰበር ውሳኔዎች በሚታተሙበት ቅጽ ማውጫ ላይ የሰፈረው መስመር አይደለም። ስለዚህ ይግባኝ ሰሚው ቁጥሩን ከመጻፉ በፊት የሻጩን መከላከያ መልስ ይግለጥ። «ቀሪው ዋጋ አልተከፈለኝም» ያለ ሻጭ መዋዋሉን አምኗል። «ፊርማው የእኔ አይደለም» ያለው ክዷል። ለሁለቱም 21448ን መለጠፍ ስህተት ነው።

ጥፋቱ የዳኞች ብቻ አይደለም። ብዙ የይግባኝ ማመልከቻ አሥር የመዝገብ ቁጥር ይደረድርና የትኛው ፍሬ ነገር ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰል አንድ መስመር አይጽፍም። ይግባኙ በ60 ቀን መቅረብ ስላለበት ጥድፊያው ይገባል፤ ሆኖም በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሳ ነገር በይግባኝ አዲስ ሆኖ እንዳይነሳ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 329 ይከለክላልና ሻጩ መዋዋሉን ማመኑ ከመጀመሪያው በክርክሩ ውስጥ መነሳት አለበት።

የ337 ትእዛዝ ረጅም ሐተታ አያስፈልገውም። ጭብጡን፣ ድንጋጌው የተነበበበትን መንገድና የተጠቀሰው የሰበር ጉዳይ ከዚህኛው ጋር የሚመሳሰልበትን ነጥብ ቢይዝ ይበቃል። ያለዚያ ወደ ሰበር የሚሄደው ሰው «መሠረታዊ የሕግ ስህተት» የሚለውን የሚያቀርበው ባልተጻፈ ትርጉም ላይ ነው።