መሰናክሉ ራሱ ወዳጅነቱ ነው
ይህን አስተያየት የምሰጥበት ጽሑፍ ከጓደኝነት ወደ ፍቅር የሚሸጋገሩ ልብ ወለዶች መጨረሻቸው አስቀድሞ ስለሚታወቅ ልብ አይሰቅሉም ማለቱን ፈጽሞ አልቀበለውም። በዚህ የድርሰት ዘርፍ ጥንዶቹ በመጨረሻ እንደሚጣመሩ አንባቢ ሁልጊዜም ያውቃል፤ የሚያጓጓው ለዚያ የሚከፍሉት ዋጋ ነው። ሁለት እንግዶች ተዋውቀው ባይስማሙ በየፊናቸው ይሄዳሉ፤ ለዓመታት ምስጢር የተካፈሉ ጓደኛሞች ግን አንዳቸው ስሜቱን ገልጾ ምላሽ ቢያጣ፣ የሚያጣው ፍቅሩን ብቻ ሳይሆን፣ እንዲህ ያለ ሐዘን ሲደርስበት ሄዶ የሚያዋየውን ሰው ጭምር ነው። ስለዚህ ደራሲው ክፉ ተቀናቃኝ መፍጠር አያስፈልገውም። ከእኔ በፊት በዚሁ ጽሑፍ ላይ አስተያየት የሰጡት አንባቢ «ይህን ያህል ዘመን አብረው ሲኖሩ እንዴት ሳያውቁት ቀሩ?» ሲሉ ላነሡት ጥያቄ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጄን ኦስተን በ1815 እ.ኤ.አ. በወጣው «ኤማ» በተሰኘው ልብ ወለዷ የሰጠችው መልስ ዛሬም ያሳምነኛል፤ ኤማ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀውን ሚስተር ናይትሊን እንደምትወደው የምትረዳው፣ ወዳጇ ሃሪየት እርሱን ተስፋ ማድረጓን ስትነግራት ነው፤ ሁልጊዜ አጠገባችን ያለን ሰው የምናጣው ስለማይመስለን ስሜታችንን ለመመርመር አንገደድም። የዘመናችን ደራስያን ደግሞ ታሪኩን በሁለቱም አንደበት እያፈራረቁ ሲተርኩት፣ አንዱ በወዳጅነት ብቻ የተደረገ የመሰለው ነገር ለሌላው ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር እናያለን። የዘርፉ እውነተኛ ድክመት ሌላ ቦታ ነው፤ አንዳንድ ደራስያን «የልብ ጓደኛሞች ናቸው» ብለው ነግረውን ያልፋሉ እንጂ ሲቀልዱ፣ ሲኳረፉና ሲታረቁ አያሳዩንም፤ ያልታየ ወዳጅነት ደግሞ ቢፈርስም አያሳዝንም።