ሞተሩ ስለገባ አለቀ?

ከጄነሬተር የወጣ የናፍጣ ሞተር ሞተርሳይክል ላይ ስገጥም ያየ ሁሉ «ገባ አይደል? ምን ቀረህ?» ይለኛል። ያበሽቃል! ሥራው ገና መጀመሩ ነው። እንዲህ ያለው ሞተር በደቂቃ ቢበዛ 3600 ዙር አካባቢ ነው። የሞተርሳይክል ሞተር 10000 ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው የፊትና የኋላ ጥርሶች ስሌት እንደ አዲስ ይሠራል። ሰንሰለቱ ትንሽ ከተንጋደደ ጥርሱን ይበላዋል። ንዝረቱ ግን ከሁሉም ይብሳል። ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍጣ ፍሬሙን ሲያርገፈግፈው ብየዳው ይሰነጠቃል። ስንት የተለፋበት ብየዳ፣ በቀጭን መስመር ተከፍቶ ሲታይ አንጀት ያሳርራል። «የተሠራውን አትገዛም?» የሚሉም አሉ። ሱዙኪ እኮ እ.ኤ.አ. በ1974 አርኢ5 የተባለውን ሞተርሳይክል በሮተሪ ሞተር (በፒስተን ፈንታ የሚሽከረከር ክፍል ባለው ሞተር) ለገበያ አቅርቧል! የተለየ ሞተር መሞከር እብደት አይደለም። እባካችሁ፣ ልሥራበት።