ለድምፅ ብድግ የሚል ጨዋ

ስለ እኛ ስለ ሰሜን ሸዋ ሰዎች ጨዋነት የሚገባውን ያህል አልተወራም። ብርዱ ይወራል፣ አረቄው ይወራል፣ የመንዝ በርኖስ ይወራል። የስልክ ላይ ሥርዓታችን ግን ተረስቷል።

በቀደም ደብረ ብርሃን አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብያለሁ። የሰፈራችን አንድ ጋሼ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ሳለ ስልካቸው ጮኸ። "ኢንስፔክተር ነኝ" ሳይላቸው አልቀረም፤ ብድግ አሉ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ስልክ ነው እኮ! "አቤት ጌታዬ፣ አቤት" እያሉ ለግድግዳው እጅ ነሱ፣ ከዚያ ጥግ ይዘው የተጠየቁትን ብር ላኩ።

እኚሁ ሰው ለፋሲካ በግ ሲገዙ አውቃቸዋለሁ። ላቱን በመዳፋቸው ይመዝናሉ፣ ወገቡን ይጨብጣሉ፣ ጥርሱን ገልጠው ያያሉ፣ ጥለው ሄደው ይመለሳሉ፣ ለመቶ ብር ግማሽ ቀን ይከራከራሉ። ለጎረቤት ሁለት ሺህ ሲያበድሩም ያለ ሦስት ምስክር አይሆንም። ደግ አደረጉ፤ ኢንስፔክተር እንደ በግ አይዳበስም።

ደዋዩም ሥራውን ያውቃል፣ ይመስገን። ስምህን ይጠራል። ዩኒቨርሲቲ ያለው ልጅህ ተደባድቦ ሰው ጎድቷል ይላል። ከኋላ ሬዲዮ ይንኮሻኮሻል፣ አንድ ወጣት ያለቅሳል። "ስልኩን እንዳትዘጋ፣ ለማንም እንዳትናገር፣ ምርመራው ይበላሻል።" ከዚያ ዋስትናውን በቴሌብር፣ ለግል ቁጥር። ደረሰኝ የለ፣ ማኅተም የለ፣ ምን ጣጣ አለው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ይሄኛው በ10 ደቂቃ ከስሶ፣ ፈርዶ፣ ይፈታል። ብር ከሌለህም አይጨክንብህም። "አሁን በመልእክት የገባልህን የሚስጥር ቁጥር ብቻ አንብብልኝ" ይልሃል፣ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል።

እኔም ጨዋ ነኝ። አራት ሺህ ብር ልኬያለሁ፣ ልጅ እንኳን የለኝም። "የወንድምህ ልጅ" ሲለኝ የትኛው ብሎ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። ዘግቼ ወንድሜ ጋ ደውዬ ላጣራ ብል ፖሊስ መጠራጠር ሊሆን ነው፤ 991 ደውሎ እውነተኛውን ፖሊስ መጠየቅማ የለየለት ድፍረት። ከዚያ በኋላ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። (ይሄም የሚመሰገን ጠባያችን ነው፤ አንዱ የተበላበትን ዘዴ ሌላው ስለማይሰማ ተራው ሳይዛባ ይደርሰዋል።)

ባለጌ ግን አይጠፋም። ደብረ ሲና አንዲት እትዬ አሉ። "ልጅሽ ታስሯል" ቢላቸው ከዱካቸው ንቅንቅ አላሉም።

"የትኛው ጣቢያ? ስንቅ ይዤ ልምጣ።"

"መምጣት አይቻልም፣ ብር ነው የሚፈለገው።"

"ሳይበላ ብር ምን ያደርግለታል? ጣቢያውን ንገረኝ እንጂ፣ ወጡ እየበረደ ነው።"

ዘጋባቸው። ያን ያህል ደክሞ፣ ሬዲዮ ከፍቶ፣ የሚያለቅስ ልጅ አዘጋጅቶ! እትዬ ይቅርታ እንኳን አልጠየቁም። እንደውም መልሰው ደወሉ አሉ፣ በሶም ይጨመር እንደሆነ ሊጠይቁ።