ኮከብ ቆጣሪዎቻችን ይኑሩልን

ባልደረባዬን ዕድሜ ይስጥልኝ። ዛሬም 32 ሰንጠረዥ ስታታ ከሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ወደ ዎርድ በእጁ ገለበጠ። ቁጥሩን ያያል፣ ይተይባል፣ ቀና ብሎ ደግሞ ያያል። ብራና ላይ ያቀረቀረ ቁም ጸሐፊ ነው የሚመስለው። ልዩነቱ፣ ቁም ጸሐፊ የጻፈውን መልሶ ያነባል።

ሰነፍ ሌላ መንገድ አለው። ስታታ 15 እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ «ፑትዶክስ» የሚባል ትእዛዝ ይዞ መጣ። ዱ ፋይሉ (የስታታ ትእዛዝ የሚጻፍበት ፋይል) ውስጥ ጥቂት መስመር ትጽፋለህ፤ ሰንጠረዡም ግራፉም ተሰድሮ የዎርድ ፋይል ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በፊትም «ኤስትታብ» ነበረ። አር በሚባለው ሌላ ፕሮግራም የሚሠሩት ደግሞ «ፍሌክስቴብል» አላቸው። ዳታው ሲቀየር ኮዱን እንደገና ማስኬድ ነው፤ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ታዲያ ላብ ያልፈሰሰበት ሥራ ምኑ ሥራ ነው?

ማሽን ደግሞ ጨካኝ ነው። ፒ ቫልዩው (በልማድ ከ0.05 ሲያንስ «ውጤቱ ጉልህ ነው» የሚባልለት ቁጥር) 0.051 ከሆነ 0.051 ብሎ ቁጭ ያደርገዋል። የባልደረባዬ ጣት ግን አንጀት አላት። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ 5 እና 1 ቦታ ይቀያየሩና 0.015 ይሆናል። ወዲያው የጉልህ ውጤት ምልክት የሆነው ኮከብ ሁለት ይለጠፍለታል። (ኮከቡም የሚለጠፈው በእጅ ነው።) ኮከብ ቆጠራ ካገር ጠፋ የሚል ሰው ቢሯችን ብቅ ይበል። በአንድ ሌሊት ማዳበሪያው ምርት ጨመረ፣ ሥልጠናው ውጤት አመጣ። ገበሬው ራሱ ገና አልሰማም።

ትልልቆቹስ መች በእጅ መሥራትን ናቁ? የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ካርመን ሬይንሃርት እና ኬኔት ሮጎፍ የአገር ዕዳና ዕድገትን አስመልክተው እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ኤክሴል ላይ አማካይ ሲያወጡ አምስት አገሮች ከቀመሩ ውጭ ቀሩባቸው። በ2013 ቶማስ ሄርንደን የተባለ ተማሪ ፋይላቸውን ከፍቶ አየ። ይኼና ሌሎቹ ችግሮች ሲታረሙ፣ ዕዳቸው ከጠቅላላ ምርታቸው 90 በመቶ ያለፈ አገሮች አማካይ ዕድገት ከ-0.1 ወደ 2.2 በመቶ ወጣ። ምቀኛ ተማሪ መቼም አይጠፋም።

ባለፈው ሳምንት አለቃችን «ሦስት ቤተሰቦች ሁለቴ ተመዝግበዋል፣ ድግሙ ይውጣ» አሉ። አዲሷ ልጅ ባልደረባዬን «ጋሼ፣ ኮድ ልጻፍልህና በአንዴ ይውጣ?» አለችው። በሐዘኔታ አያት።

«የኔ ልጅ፣ ምርምር በአቋራጭ አይሆንም።»

እጅጌውን ሰብስቦ ከሰንጠረዥ 1 ጀመረ። 19 ላይ ሲደርስ ሰርቪስ መጣ መሰለኝ፣ ተነሥቶ ሄደ። ሪፖርቱም በማግስቱ ታተመ። አሁን ሰንጠረዥ 19 ላይ 412 ቤተሰብ አለ። ገጹን ገለጥ ስታደርጉ ሰንጠረዥ 20 ላይ 415 ነው። ሦስቱ ተመልሰው መጥተዋል፤ እኛም እንኳን ደህና መጣችሁ ብለን ተቀብለናቸዋል።