ጨዋ ሰው ኮፋኖ አያስከፍትም

በግ ተራ የሚታየውን ሰው መኪና ተራ ላይ ብታዩት አታውቁትም። በግ ሲገዛ ጀርባውን ጨብጦ፣ ላቱን በእጁ መዝኖ፣ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አይቶ፣ ከነጋዴው ጋር ሁለቴ ተኳርፎ ተመልሶ ነው ሂሳብ የሚያወጣው። ይኸው ሰው ሚሊዮኖች የሚጠራበት ቤንዝ ፊት ሲቆም ግን ድንገት ጨዋነት ይወርድበታል። «ኮፋኖውን ክፈትልኝ» ማለት ይከብደዋል። «ጋራዥ ወስጄ ላሳያት» ማለትማ ባለቤቱን ሌባ ብሎ እንደ መሳደብ ነው። ይህ ይሉኝታ ሊመሰገን ይገባል። ሻጮች በልባቸው ሲያመሰግኑት ኖረዋል፤ ዛሬ እኛም በአደባባይ እንጨምርላቸው።

ምስጋናችን በተለይ የሞዴል ቁጥሩ 211 ለሆነው ኢ ክላስ ገዢዎች ይድረስ። ይህ ቤንዝ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 የተመረተ ነው፤ የመጨረሻው ልጅ እንኳ 15 ዓመት አልፎታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ማስገባት የማይቀመስ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ውስጥ ያለው አሮጌ ቤንዝ መኪናነቱ ቀርቶ ቅርስ ሆኗል። ቅርስ ደግሞ በአክብሮት ይጎበኛል እንጂ በክሪክ አይነሣም።

የጉብኝቱ ሥርዓት የታወቀ ነው። ገዢው አራት ጓደኞች አስከትሎ ይመጣል፤ ከአራቱ አንድም መካኒክ የለም፣ ግን አንዱ «ቤንዝ ያውቃል»፣ አጎቱ ነበረው። መኪናዋን አንዴ ይዞሯታል። የፊት ጎማዋን በጫማ ጫፍ ነካ ያደርጓታል። ከዚህ ምርመራ የሚገኘው ውጤት ጎማው መኖሩ ነው። ተጠራጣሪ ሰው ቢሆን ይንበረከክና ጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያነባል፤ 2317 ካለ ጎማው እ.ኤ.አ. በ2017 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። እጁን ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ሰዶ ይዳስሳል፤ ጎማው በውስጥ በኩል ብቻ ተበልቶ ካገኘው የእግሯ መገጣጠሚያ ጎማዎች፣ ጎሚኒዎቹ፣ ማለቃቸውን ወይም አላይመንቷ መዛባቱን ይጠረጥራል። ሱሪው አቧራ ይነካል፣ ጓደኞቹ ያፍሩበታል።

ከዚያ በሩ ይከፈትና ይዘጋል። ዱፍ! «ስማው እስቲ፣ የጀርመን ነገር!» ይህ ድምፅ በአዲስ አበባ የስንቱን ስምምነት ዘግቷል! በሩ የሚመሰክረው ስለ ራሱ ክብደትና ስለ ዳር ጎማው ነው። ስለ ሞተሩ የጠየቀው የለም፣ እሱም አልተናገረም። ሞተሯ ወርዶ ግቢ ጥግ የቆመች ቤንዝ በርም ያው ዱፍ ይላል።

ቀጥሎ ደላላው ቃሉን ይሰጣል። «የሴት እጅ ናት።» «ዶክተር ነው የያዛት።» «ባለቤቷ ውጭ ሊወጣ ስለሆነ እንጂ የምትሸጥ አልነበረችም።» «ነዳጅ ሞልቶ መንዳት ብቻ!» እነዚህ አራት ቃላት ተደምረው የሰርቪስ መዝገብ ይሆናሉ። «ከኤምባሲ የወጣች ናት» ከተባለማ ነገሩ አለቀ። ከቀረጥ ነፃ የገባች መኪና ቀረጧ ሳይከፈል ስሟ እንደማይዛወር ማን ያነሣል? ዕዳና ዕገዳ ይኑርባት አይኑርባት የሚጣራው በደላላው ቃል ሳይሆን ፋይሏ ባለበት መዝጋቢ ቢሮ መሆኑንስ? የደስታ ቀን ማደፍረስ ይሆናል።

ኪሎ ሜትሯ 94 ሺህ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተሠራች መኪና! በዓመት 15 ሺህ ብቻ ብትነዳ እንኳ እስካሁን 300 ሺህ በተጠጋች ነበር። አማኙ ገዢ ግን ማባዛት አይወድም፤ «ቆማ ነው የኖረችው» ሲሉት ደስ ይለዋል። የመሪው ቆዳ ሹፌር እጁን በሚያሳርፍበት በኩል ተወልውሎ እንደ ድሮ ሳንቲም ያበራል። የፍሬኑ ፔዳል ጎማ መስመሮቹ ጠፍተው ለስልሷል። የሹፌሩ ወንበር በበሩ በኩል ያለው ጠርዙ ተሰነጣጥቋል። ቆማ የኖረችውን መኪና መሪ እንዲህ ያሸው ማን እንደሆነ መጠየቅ ግን በሰው ቤት ጉዳይ መግባት ነው። ተጠራጣሪው የመመርመሪያ ኮምፒውተር ያሰካል። በዚህ ቤንዝ ላይ ኪሎ ሜትሩ የሚመዘገበው ዳሽቦርዱ ላይ ብቻ አይደለም፤ ቁልፉ የሚገባበት ክፍልም የራሱን ይይዛል። ዳሽቦርዱን «ያስተካከለው» ባለሙያ ሁለተኛውን ከረሳው፣ ማሽኑ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያወጣቸዋል። ሰውን በሰው ፊት እንዲህ ማዋረድ ምን ይባላል?

ያው ማሽን ሌላም ገመና ያወጣል። የሞተር መብራቷ ትናንት ማታ በማሽን ከጠፋ፣ የመኪናዋ ኮምፒውተር ራሱን በራሱ የሚፈትሽባቸው ሙከራዎች «አልተጠናቀቀም» ይላሉ፤ ጥቂት ቀን ተነድታ ካልሆነ አይጠናቀቁም። ማሽን ባይኖርም ዓይን አለ፤ ቁልፉ ሲዞር የኤርባግና የሞተር መብራቶች በርተው መጥፋት አለባቸው። ጭራሽ የማይበሩ ከሆነ አንድ ሰው አፍኗቸዋል። ጨዋው ገዢ ይህን ሲያይ «አንድም መብራት አልበራም!» ብሎ ይባረካል።

ሌላው የሚያስደስተው የሻጩ እንግዳ ተቀባይነት ነው። በቀጠሮው ሰዓት ሲደርስ መኪናዋ ቀድማ ሞቃ ትጠብቀዋለች፣ እንግዳ ሳይደርስ ቡና እንደሚፈላው። ይሉኝታ ቢስ የሆነው ግን ማልዶ ከ1 ሰዓት በፊት ይደርስና መጀመሪያ እጁን ኮፋኖው ላይ ያሳርፋል። ከሞቀ «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ይሄዳል። ከቀዘቀዘ ራሱ ያስነሣል፤ ጓደኛው ከኋላ ማርሚታው ጋ ይቆማል። በአዲስ አበባ ብርድ መጀመሪያ የሚወጣው ነጭ እንፋሎት ምንም አይደለም። ስትነሣ ፉት ብሎ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ግን የባልቦላ ጎሚኒ ወይም የፋሻ፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ወሬ ነው፤ ዘይት ትበላለች። ሞቃም ነጩ ካልጠፋ፣ ሽታውም ጣፈጥ ካለ፣ የምታቃጥለው ኩላንት፣ የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ፣ ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይፈታል፤ ከዚያ ቀዳዳ እንደ ጀበና አፍ እየገፋ የሚወጣ ጭስ ካለ ፋሻው ደክሟል። ክዳኑ ሆድ ላይ ጥቁር ዝቃጭ ከተጋገረ ደግሞ፣ 8 ሊትር የሚፈልገው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ባለ 4 ሊትር ጋሎን ዘይት እየተደለለ መኖሩን መጠርጠር ነው።

ስለዚህ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ኤም 272 ስለሚባለው፣ ትንሽ ቆም እንበል። እ.ኤ.አ. እስከ 2006 አካባቢ በተሠሩት ላይ ባላንስ ሻፍት የሚባለው ዘንግ የጥርሱ ብረት ልል ነበር። ጥርሱ ቀስ በቀስ ይበላል፣ ሰንሰለቱ ያፈገፍጋል፣ የባልቦላዎቹ ጊዜ ይዛባል፤ ማሽን ሲሰካ 1200 ወይም 1208 የሚል ኮድ ይወጣል። ዕቃው ራሱ ያን ያህል ውድ አይደለም። ያለበት ቦታ ነው ጉዱ፤ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ነው፣ ለመቀየር ሞተር ይወርዳል። ተጠራጣሪው የሞተር ቁጥሩን አንብቦ ከችግረኞቹ ወገን መሆን አለመሆኑን ያጣራል፣ ተቀይሮም ከሆነ ደረሰኙን ይጠይቃል። ጨዋው ሰው «ሞተሯ አልተነካም» ሲባል ይኮራል። አለመነካቷ ነው እንግዲህ ችግሩ።

ከተማችን ራሷም በነገሩ አለችበት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች ውኃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የቤንዙ ሞተር ደግሞ ከዚያ በላይ ሞቆ መሥራት የለመደ ነው። እንዳይፈላ የሚያደርገው የኩላንቱ ድብልቅና ክዳኑ የሚያፍነው ግፊት ነው። ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቆመና ኩላንቱ በቧንቧ ውኃ ከተተካ፣ የቦሌ ትራፊክ ላይ የቆመች ቤንዝ ከማንቆርቆሪያ አትለይም። አንዴ ያለቅጥ የሞቀች ደግሞ የቴስታታ ጓርኒሲዮኗን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና ገላ መካከል ያለውን ማሸጊያ፣ ታስረክባለች። ተጠራጣሪው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የውኃውን ዕቃ ይከፍታል። ቡና የመሰለ ዝገት ካየ፣ ውኃ ስትጠጣ ኖራለች። ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይም ከብርድ በተነሣች በደቂቃ ውስጥ የራዲያተሩ ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ የሲሊንደሩ ግፊት ወደ ውኃው እየገባ ነው። ካላመነ ጋራዥ ውስጥ ሰማያዊ ፈሳሽ አለ፤ የተቃጠለ ጋዝ ሲነካው ወደ ቢጫ ይለወጣል። እዚህ ላይ ባለቤቱ ቢቀየም እንረዳዋለን፤ ሐኪም ቤት እንጂ መኪና ተራ አይመስልም።

በሩ ሲከፈት ከኮፋኖው ሥር «ዝዝዝ» የምትል ድምፅ ትሰማለች። «ሰላም እያለችህ ነው» ይላል ደላላው። እ.ኤ.አ. እስከ 2006 ድረስ በወጡት ላይ ይህ የኤሌክትሪክ ፍሬኑ ፓምፕ ግፊት ሲሞላ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2004፣ 680 ሺህ መኪኖችን በዚሁ ፍሬን ምክንያት ጠርቷል፣ በ2005 ደግሞ ደግሞታል። ፓምፑ የተረገጠበትን የሚቆጥር ቆጣሪ አለው፤ ገደቡ ሲያልፍ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይበራል። ጭራሽ ሲከዳ ፍሬኑ በፊት ጎማዎች ብቻ ይቀራል፣ ፔዳሉም እስከ ታች ይወርዳል። እንደ ኪሎ ሜትሩ ሁሉ ይህንንም ቆጣሪ ወደ ዜሮ የሚመልሱ እጆች አሉ። የፍሬን ሸራ የሚቀይረውም ሰው ፓምፑን በማሽን ካላስተኛው ጣቱን ይቀረጥፈዋል። ሰላምታዋ እንዲህ የከበደ ነው።

ሙከራ ተብሎ የሚነዳው ሁልጊዜ ሰፊው አስፋልት ላይ ነው፣ ሬዲዮው ተከፍቶ። ነገር ፈላጊ ግን ሬዲዮውን ዘግቶ ኮብልስቶን ሰፈር ገብቶ በ20 ይነዳል፤ እዚያ ያለቀ ጎሚኒና የላላ ቦል ጆይንት ቆጥሮ ይወጣል። ከዚያ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ያወጣታል። ዳገቱ ላይ ከሁለት ወደ ሦስት ስትቀይር ሞተሩ ጮሆ መኪናዋ ካልተከተለች፣ ወይም አንድ ማርሽ ላይ ተቸክላ ከቀረች፣ ካምቢዮው ነው። የባለ ሰባት ማርሹ ካምቢዮ ኮምፒውተር የሚኖረው እዚያው ዘይቱ ውስጥ ሲሆን፣ ዘይቱ በ60 ሺህ ኪሎ ሜትር ካልተቀየረ ሁለቱም አብረው ይታመማሉ። «የቤንዝ ካምቢዮ ዘይት አይነካም» የሚለው እምነት ግን እንደጸና ነው፣ ካምቢዮ የሚጠግኑት ደስ ብሏቸዋል።

ማግኔት ይዘው የሚመጡ አንዳንድ ዘመናዊዎችም አሉ፤ ከቀለም ሥር የተደበቀ ስቱኮ ሊያጋልጡ። ኮፋኖው ላይ ይለጥፋሉ፣ ይወድቃል፤ «ተጋጭታለች!» ብለው ይጮኻሉ። የዚህ ቤንዝ ኮፋኖና የፊት ፓራፋንጎ አሉሚኒየም ነው፣ ማግኔት ከጥንትም አይይዝም። በሩና ጣሪያው ላይ ይሞክሩ።

ኤርማቲክ ያላት ከሆነች መጨረሻው ከእግሯ ይመጣል። በአየር ከረጢት ነው የቆመችው፣ ከረጢቱ ጎማ ነው፣ ጎማ ደግሞ ዕድሜ ይሰነጥቀዋል። ተጠራጣሪው ማታ ሜትር ይዞ ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ አራቱንም ይለካል፣ ጠዋት ተመልሶ ይለካል። አንዱ ጥግ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከወረደ እዚያ ያፈሳል፤ የሚያፈስ ከረጢት ሲሞላ የሚውል ኮምፕሬሰር ደግሞ ብዙ አይቆይም፣ ይቃጠላል። ጨዋው ገዢ የሰው መኪና በሜትር አይለካም። ውሉን ውልና ማስረጃ ይፈርማል፣ ጓደኞቹን ክትፎ ይጋብዛል፣ ማታ ግቢው ያስገባታል።

ጠዋት ሲወጣ በግራ የፊት ጥግ ተንበርክካ ያገኛታል። ጎማ መስሎት ጎሚስታ ይጠራል። ጎሚስታው አንዴ ጎንበስ ብሎ ቀና ይልና «ጋሼ፣ አየሩ የወጣው ከጎማው አይደለም» ይላል። ገዢው ዝም ብሎ ቆሞ ያስባል። ስልኩን ያወጣና ደላላው ጋ ይደውላል።

«ያቺን መኪና ሽጥልኝ። ምንም ወጪ የላትም፣ ነዳጅ ሞልቶ መንዳት ብቻ ነው። ውጭ ልወጣ ስለሆነ ነው።» ጥቂት ዝም ይልና፣ «ብቻ ጨዋ ሰው ፈልግልኝ።»