ይድረስ ለክቡር የኪኒን ማስታወቂያ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እርስዎን እስካነብ ድረስ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነበርኩ።

እኔ የንግሥት ቪክቶሪያን ዘመን የእንግሊዝ ጋዜጦች ኮምፒውተር ላይ የማገላብጥ ሥራ ፈት ነኝ። የምፈልገው እርስዎን አይደለም። በ1868 (ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እርስዎም ፈረንጅ ነዎትና) ስለ መቅደላ ምን ተጻፈ፣ ናፒየር የት ደረሰ፣ ስለ አፄ ቴዎድሮስ ሞት ለንደን ምን ሰማች የሚለውን ነው። ግን ዞር ባልኩበት ሁሉ እርስዎ አሉ። ታይምስ የሚባለው ጋዜጣ እንኳ እስከ 1966 ድረስ የፊት ገጹን ለማስታወቂያ ሰጥቶ ዜናውን ጓዳ ነበር የሚያስቀምጠው። በሌሎቹም ቢሆን ሰው ስለ ንጉሡ ሞት ከማንበቡ በፊት ስለ ጉበቱ ይጠየቃል።

ጉበቴ ምንም አልሆነም ነበር። እርስዎ ነዎት የጠየቁኝ።

በተለይ የቶማስ ሆሎዌይን ኪኒን የሚያስተዋውቁበትን መንገድ ሳላደንቅ አላልፍም። የበሽታ ስም በፊደል ተራ ይደረድራሉ። አስም፣ ሪህ፣ የወፍ በሽታ፣ የሚጥል በሽታ፣ ራስ ምታት፣ ቁስል፣ ማንኛውም ዓይነት ትል። ወደ መጨረሻው ላይ ደግሞ «ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ድካም» ይላሉ። ይሄም አልበቃዎትም፣ «ወዘተ» ጨመሩበት። ክቡር ሆይ፣ ሰው ከሪህ ያመልጥ ይሆናል፣ ከአስምም ያመልጥ ይሆናል፣ ከወዘተ ግን ማን ያመልጣል? እኔ ወዘተ እንዳለብኝ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ሆሎዌይ ሥራውን በ1837 ሲጀምር ብዙም አልሄደለትም። የማስታወቂያ ዕዳ መክፈል አቅቶት የባለዕዳዎች እስር ቤት ገብቷል፤ ሁሉን የሚፈውሰው ኪኒን ኪሱን አልፈወሰለትም ማለት ነው። ሲወጣ ሌላ ሰው ቢሆን እርስዎን በሩቁ ይሸሽ ነበር። እሱ ግን ብሶበት ተመለሰ። በ1883 ሲሞት በዓመት ወደ 50,000 ፓውንድ ለእርስዎ ብቻ ያፈስ ነበር። ከትርፉ ለንደን አጠገብ ሁለት ቤተ መንግሥት የሚያስንቁ ሕንፃዎች ተሠሩ። አንዱ የሴቶች ኮሌጅ ነው፤ በ1886 ንግሥቲቱ ራሳቸው መጥተው መርቀውታል። ሌላው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። ኪኒኑ ሁሉን የሚያድን ከሆነ ሆስፒታሉ ለምን አስፈለገ ብዬ ነገረኛ መባል አልፈልግም።

ደግሞ ያ ቢቻም የሚባለው አለልዎት። በልጅነቱ በግ ጠባቂ ነበር፣ ኋላ የኪኒን ጌታ ሆነ። በእሱ ማስታወቂያ ላይ «አንዱ ሳጥን አንድ ጊኒ ያወጣል» እያሉ ሲምሉ ኖሩ። አንድ ጊኒ 21 ሽልንግ ነው፤ አንዱ ሽልንግ ደግሞ 12 ፔኒ። እርስዎ ግን ለሕዝብ አዝነው በ1 ሽልንግ ከ1 ፔኒ ተኩል ይሸጡታል። እንዴት ያለ ደግነት ነው! በ1909 የብሪታንያ የሕክምና ማኅበር ሳጥኑን ከፍቶ፣ ኪኒኑን በላቦራቶሪ አስመርምሮ፣ ውጤቱን «ሚስጥራዊ መድኃኒቶች» በሚል መጽሐፍ አሳተመው። ምን ተገኘ? እሬት፣ ዝንጅብልና ሳሙና።

እሬት! እናቶቻችን ልጅ ጡት ለማስጣል የሚቀቡት እሬት! ሳጥኑ ውስጥ ያሉት የ56ቱ ኪኒን የጥሬ ዕቃ ዋጋ ተደማምሮ ወደ ግማሽ ፋርዚንግ ነው። አንድ ፋርዚንግ የፔኒ ሩብ ነው፤ እንግዲህ ሂሳቡን ሲሠሩት የመሸጫው ዋጋ ከመቶ እጥፍ ይበልጣል፣ የጊኒውማ ከ2,000 እጥፍ በላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ኪኒኑ ይሠራ ነበር። እሬት ያስቀምጣል። ሆድ ድርቀት ያለበት ሰው ውጦ እፎይ ይላል፤ እፎይ ካለ ደግሞ ራስ ምታቱም፣ ድካሙም፣ ወዘተውም የለቀቀው ይመስለዋል፤ ወረቀት አውጥቶ የምስጋና ደብዳቤ ይጽፍልዎታል፤ እርስዎም ደብዳቤውን በሚቀጥለው ሳምንት ያወጡታል። ሽንት ቤት ደርሶ መምጣትን ተአምር ያደረገ እንደ እርስዎ ያለ አላየሁም።

መንግሥትም አግዞዎታል፣ ባያውቀውም። ከ1783 ጀምሮ በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ግብር ነበረ፤ ያቺ 1 ፔኒ ተኩል የእሱ ናት። ግብሩ ለመከፈሉ ማስረጃ በየሳጥኑ ላይ የመንግሥት ቴምብር ይለጠፋል። ገዢው ምኑን ያውቃል? ቴምብር ሲያይ መንግሥት መርምሮ ያጸደቀው ይመስለዋል። እርስዎም ዓይንዎን በጨው ታጥበው «የመንግሥት ቴምብር የሌለበት ሁሉ አስመሳይ ነው» እያሉ ያስፈራራሉ። ቀረጥ የከፈለ ሁሉ ሐቀኛ ከሆነማ መርካቶ ውስጥ አንድም ሌባ አይኖርም ነበር።

ይሄ ሁሉ ግን ቀልድ ነው፤ የማልምርዎት «ስፔሻሊስት» ያሏቸውን ሰዎች ይዘው የመጡ ጊዜ ነው። «ለወንዶች ብቻ»። «የነርቭ ድካም»። «በምስጢር የሚያዝ»። ነፃ መጽሐፍ በታሸገ ፖስታ ቤት ድረስ ይላካል፣ ላኪው አይታወቅም። ወጣቱ መጽሐፉን በሻማ ሲያነብ ምልክቶቹን ያገኛል። ጠዋት መነሣት ያስጠላሃል? ሰው ፊት መናገር ያሳፍርሃል? ፊትህ ቶሎ ይቀላል? ትረሳለህ? ልጄ፣ ይሄ በሽታ አይደለም፣ ሃያ ዓመት መሆን ነው! መጽሐፉ ግን ሌላ ይለዋል፤ በልጅነትህ በሠራኸው ኃጢአት እያለቅህ ነው፣ መጨረሻህ እብደት ነው፣ ከዚያ መቃብር ነው፣ ከመቃብር በፊት ግን ሐኪማችን አለ።

ለንደን ውስጥ ዶክተር ካን የሚባል ሰው ሙዚየም ነበረው። የሰው ገላ በሰም ተሠርቶ፣ በአባለዘር በሽታ የተበላሸ አካል ሳይቀር እዚያ ይታያል። ገብቶ የደነገጠ ጎረምሳ ሲወጣ የሚያማክረው ሐኪም ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ንግዱ ተያይዟል። በ1873 ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ የሰም ሞዴሎቹ እንዲሰባበሩ ተደረገ። ሰሙ ነው እንግዲህ የተቀጣው።

ጎረምሳው ታዲያ ምን ያደርጋል? ለቤተሰብ ሐኪሙ እንዳይናገር ያፍራል፤ ሐኪሙ የአባቱ ወዳጅ ነው። ስለዚህ ለእርስዎ ሰው ገመናውን ዘርዝሮ፣ ስሙን ፈርሞ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው እነሱ እጅ ነው። አልከፍልም ያለ ቀን «አባትህ ይህን ቢያነብ ምን ይላል» የሚል መልስ የደረሰው ስንቱ ነው! በ1858 የሐኪሞች መዝገብ የሚያቋቁም ሕግ ወጥቶ ነበር። ሳይመዘገቡ ተመዝግቤያለሁ ማለትን ይከለክላል፤ ሳይመዘገቡ ማከምን ግን አይከለክልም። ለእርስዎ ይሄ ምን ቀዳዳ ነው፣ ሰፊ በር ነው እንጂ።

የኤሌክትሪክ ቀበቶውን እንለፈው። ወገቡ ላይ መዳብና ዚንክ አስሮ ጉልበት ይመጣል ብሎ የጠበቀው ሰው በቂ ቅጣት አግኝቷል።

ባሕር ማዶ አሜሪካ ያሉት ዘመድዎም አይታሙም። ሊዲያ ፒንክሃም የሚባሉ ሴትዮ ለሴቶች ሕመም የሚሆን ጠርሙስ ይሸጡ ነበር፤ የአልኮል መጠጥ አጥብቀው የሚቃወሙ ወይዘሮዎች ሳይቀሩ ይወዱት ነበር አሉ፤ ቢወዱት አይገርምም፣ ከአምስት እጅ አንዱ ገደማ አልኮል ነው። ማስታወቂያው «ለሚስስ ፒንክሃም ይጻፉ፣ ሴት ለሴት ትማከራለች» ይላል። ሴቶቹም ይጽፋሉ። ችግሩ ሚስስ ፒንክሃም በ1883 ሞተዋል! ደብዳቤው ግን አልቆመም፣ መልሱም አልቆመም። በ1905 አንድ የሴቶች መጽሔት የመቃብር ድንጋያቸውን ፎቶ አውጥቶ እስኪያጋልጥ ድረስ ከሟች ጋር ስለ ማሕፀን መጻጻፍ ቀጠለ።

አንድ ነገር ላይ ግን ሽሙጡም ይቅርብኝ። የሚስስ ዊንስሎው ማስታገሻ ሽሮፕ። ጥርስ ለሚያወጡ ሕፃናት ነው ይላሉ፣ ሥዕሉ ላይ ያማረች እናትና የጠገበ ሕፃን አለ። ውስጡ ሞርፊን ነበር። ሌሊት ሲያለቅስ የሰጠችው እናት ልጇ ዝም ሲል ሐኪም የላከላት መስሏት ተኛች። አንዳንዱ ሕፃን በዚያው አልነቃም። በዚያው በመቅደላ ዓመት፣ በ1868፣ እንግሊዝ ኦፒየም እንዲሁ በየሱቁ እንዳይሸጥ የሚል ሕግ አወጣች፤ የእርስዎን ዕቃ ግን ከሕጉ ውጭ አደረገችው።

ጋዜጦቹስ ምን ይሉ ነበር ቢባል፣ እንጀራቸው እርስዎ ነዎት። የሕክምና ማኅበሩ ያን የ1909 መጽሐፍ ላስተዋውቅ ብሎ ገንዘቡን ይዞ ሲሄድ አይሆንም ያሉ ጋዜጦች ነበሩ። ለእሬትና ለሳሙና ቦታ አለ፣ እሬትና ሳሙና ነው ለሚል መጽሐፍ ቦታ የለም። በኋላ ፓርላማው ኮሚቴ አቋቁሞ ከ1912 ጀምሮ ምስክር ሲሰማ፣ ሰነድ ሲያገላብጥ ቆየ፤ እርስዎን ልክ የሚያስገባ ወፍራም ሪፖርትም ጻፈ። ሪፖርቱ የወጣው ኦገስት 4 ቀን 1914 ነው። እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ያወጀችበት ቀን! ማን ያንብበው? የእርስዎ ዕድል እኮ ጉድ ነው። ጦርነቱ አለፈ፣ ሌላም ጦርነት መጣ፣ ቴምብሩ በ1941 ቀረ፣ የቢቻም ኪኒን ግን እስከ 1998 ድረስ ይመረት ነበር።

መልስ የሚጽፉልኝ ከሆነ ናሙና አያያይዙበት።